በጥርስ ሐኪሙ ሳሎን ውስጥ የቆሙት ሽማግሌዎች

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ እዚሁ ሲያትል ውስጥ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል። ነገር ግን የምርጫ ሰሞን መጥቶ በየግቢው የተወዳዳሪ ስም ያለበት ሰሌዳ ሲተከል ባየሁ ቁጥር፣ ሦስት ሽማግሌዎች በሰው ሳሎን ውስጥ ተገትረው ይታዩኛል። እኔም አብሬያቸው ቆሜ ነበር። ያን ቀን ያላበኝ ላብ ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ያን ጊዜ የምንኖረው ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ከሬኒየር ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። እኔ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራለሁ። ባለቤቴ ቱክዊላ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ይሠራና እኔ ከወጣሁ በኋላ ይገባል። ልጃችን ሶስና ስድስት ዓመቷ ነው። በዚያ ዘመን የነጩንና የጥቁሩን ሰፈር ልጆች ለማቀላቀል ተብሎ ተማሪዎች በአውቶቡስ ከሰፈር ሰፈር ይመላለሱ ስለነበር፣ ሶስና የምትማረው ከተማውን አቋርጣ ሰሜን ጫፍ ሄዳ ነው።

እኔ በርቀቱ አልተከፋሁም። ያሳሰበኝ መቆሚያው ነበር። አውቶቡሱ ልጆቹን የሚጭነው ሬኒየር ጎዳና ዳር፣ አንድ የተዘጋ የጎማ ሱቅ ፊት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት አንድ ሰዓት ገና ጨለማ ነው። ዝናብ አለ፤ መኪናው ይከንፋል። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች እዚያ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ።

ልጆቹን የሚጠብቁልን ሚስስ ሃሪየት ነበሩ። ዕድሜያቸውን በትምህርት ቤት ኩሽና ሲያበስሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ቤታቸው ከጎማ ሱቁ ቀጥሎ ነው። ማንም ሳይለምናቸው በየጠዋቱ ትልቅ ጃንጥላ ይዘው ይወጡና ልጆቹን ከግድግዳው አስጠግተው ያቆማሉ። የኛን ልጆች ስም መጥራት አይሆንላቸውም፤ ሶስናን "ሱዛና" ነበር የሚሏት። እኔ ልጄን ለሳቸው አስረክቤ ወደ ሥራ እሮጣለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ተንሸራቶ እግረኛ መንገዱ ላይ ወጣ። ሚስስ ሃሪየት ሶስናን በዝናብ ካፖርቷ ቆብ ጎትተው ወደ ኋላ ጣሏት። ቆቡ ተገንጥሎ እጃቸው ላይ ቀረ። መኪናው የጎማ ሱቁን በር ገጭቶ ቆመ። ማታ ስገባ ሶስና የነገረችኝ ስለ መኪናው አልነበረም። "ማሚ፣ ሚስስ ሃሪየት የካፖርቴን ቆብ ቀደዱት" ብላ አለቀሰች። ዋናውን ነገር የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሚስስ ሃሪየት ስልክ መደወል ጀመሩ። መቆሚያው አንድ መንገድ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ መኪና የማይበዛበት ቤተ ክርስቲያን ፊት እንዲሆን ነበር ልመናቸው። "መስመሩን ያወጣው ኮምፒውተር ነው" ተባሉ። "ኮምፒውተሩን የሚያዘውስ ማነው?" ብለው ጠየቁ። እየተቀባበሉ አዞሯቸውና መጨረሻ ላይ የትምህርት ቦርዱ ነው አሏቸው። "ኦኬ፣ እንግዲያው ቦርድ ውስጥ እገባለሁ" አሉ። የቀለዱ መስሎን ነበር። በሳምንቱ ስማቸው ያለበት ሰሌዳ ግቢያቸው ውስጥ ተተከለ።

ለዚያው ወንበር የተወዳደራቸው ዶክተር ግሬግ የሚባል ጥርስ ሐኪም ነው። ሐይቁን ከላይ የሚያይ ኮረብታ ላይ ይኖራል። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሰው አልነበረም። በሰፈራችን ጠዋት ወጥቶ ስለማያውቅ ብቻ፣ የምንለው ነገር አይገባውም ነበር።

ምርጫው ሲቃረብ ሁለቱ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሕዝብ ፊት ተከራከሩ። እኛም ሄድን። ሚስስ ሃሪየት ስለ መቆሚያው ተናገሩ። ዶክተሩ ተነሣና፣ "ሚስስ ሃሪየት ደግ ሴት ናቸው፤ ቦርድ ግን ጃንጥላ የመያዝ ሥራ አይደለም" አለ። ሰው ሳቀ። ሚስስ ሃሪየት ደግሞ የዋዛ አይደሉም። "ይሄ ሰውዬ ጥርስ ሲነቅል ስለኖረ፣ እሱ ሲናገር ከተማው በሙሉ አፉን ከፍቶ የሚሰማው ይመስለዋል" አሉ። ሰው የባሰ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የጃንጥላው ነገር ልባቸውን ነክቷል።

ከኋላ የተቀመጡ ሦስት የኛ ሰዎችም አልሳቁም። አንዱ ሐጂ ሰይድ ናቸው፤ የደሴ ሰው። ሰፈር ውስጥ ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ ነገሩ እሳቸው ጆሮ ሳይደርስ አያድርም። ሁለተኛው ጋሽ ወልዴ፣ መርካቶ ሱቅ የነበራቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ሦስተኛው አቶ በቀለ፣ የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ጸሎት ቤታቸው ለየቅል ነው፤ ለሽምግልና ሲሆን ግን አንድ ላይ ነው የሚወጡት። ከአዳራሹ ስንወጣ ሐጂ፣ "በሰው ፊት ተዋረዱ፤ ሁለቱም" አሉኝ። እኔ ክርክር ነው፣ እዚህ አገር እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩት።

በምርጫው ዕለት ከመካከላችን መምረጥ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ዜግነት ያገኘሁት እኔ ነኛ። ሐጂ ግን ሙሉ ልብስ ለብሰው ምርጫ ጣቢያው ድረስ አብረውኝ መጡ። እንደማይመርጡ ስነግራቸው፣ "አውቃለሁ። ደጅ ቆሜ ዱዓ ላድርግላት" አሉ። በሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ትንሽ ራቅ ብለው እንዲቆሙ ለመነቻቸው። ራቅ አሉ፤ ዱዓቸውን ግን አላቋረጡም።

ሚስስ ሃሪየት ተሸነፉ።

በማግስቱ ልጄን ይዤ መቆሚያው ጋ ስደርስ ጃንጥላው የለም። በሁለተኛውም ቀን የለም። ቤታቸው መብራት ይታያል፤ እሳቸው ግን አይወጡም። ወላጆቹ ሁላችንም ፈረቃ ሠራተኞች ነን። ልጆቹን ለማን ጥዬ ልሂድ? እየቆምኩ አውቶቡሱን ጠበቅሁ፤ ሥራ እየዘገየሁ ገባሁ። አለቃዬ አንድ ጊዜ ታገሠኝ። በሁለተኛው፣ "አስቴር፣ ከዚህ በኋላ ብትዘገዪ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ" አለኝ። የሁለት ሰው ደመወዝ አንድ ቤት ኪራይ በማይሞላበት ዘመን ነው። ማታ ማታ የማስበው ያንን የተገነጠለ ቆብ ነበር።

ለሐጂ ነገርኳቸው። "ሴትዮዋ ተከፍታለች፤ ሰው ሲከፋው ዝም አይባልም" አሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎችና እኔ ሚስስ ሃሪየት ቤት ሄድን። ምስር ወጥና ዳቦ ይዣለሁ። ሽማግሌዎቹ ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡና አንገታቸውን ደፉ። አንድም ቃል የለም። ሚስስ ሃሪየት ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ "ማነው የሞተው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ማንም አልሞተም። ሊያጽናኑዎት መጥተው ነው" አልኳቸው።

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከምርጫው ወዲህ ቤታቸው የረገጠ ሰው እንደሌለ ነገሩን። ሰሌዳ ሲተክሉ የነበሩት፣ ስልክ ሲደውሉ የነበሩት፣ ሁሉም በያለበት ቀርቷል። ስለ ልጆቹ ሳነሣባቸው ግን ፊታቸው ጠቆረ። "እኔ በቅቶኛል፣ ሃኒ። ምን እንደሚያስቡኝ በሰው ፊት ነግረውኛል። ጃንጥላውን ጥርስ ሐኪሙ ይያዘው" አሉ።

መኪና ውስጥ ሐጂ፣ "ይሄ የምርጫ ነገር አይደለም፤ ጠብ ነው። ጠብ ደግሞ ሽማግሌ አለው" አሉ።

"ሐጂ፣ እዚህ አገር ከምርጫ በኋላ እርቅ የሚባል ነገር የለም። የተሸነፈውና ያሸነፈው ኮል ይደራረጋሉ፣ አለቀ።"

"ደውሎላታል?"

"ደውሏል። ጥሩ ውድድር ነበር ብሏታል።"

"ስልክ እግር አለው እንዴ?" አሉኝ። "ያዋረደ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው። እሁድ መኪናሽን ይዘሽ ነይ።"

እምቢ ልል ይገባኝ ነበር። ግን ሐጂ ሰይድን እምቢ የሚል ሰው ሲያትል ውስጥ አልተወለደም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አራታችን ኮረብታው ላይ ያለው ቤት በር ላይ ቆምን። እኔ ሹፌርም አስተርጓሚም ነኝ። ጋሽ ወልዴ ነጭ ጋቢ ደርበዋል። የከፈተችልን የዶክተሩ ሚስት ናት። ለቤተ ክርስቲያን መዋጮ የምንለምን መስሏት ቦርሳዋን ልታመጣ ዞረች። ዶክተር ግሬግ መጣና አስገባን። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ሐይቁ በመስኮት ይታያል። "እባካችሁ ተቀመጡ" አለ።

ማንም አልተቀመጠም።

እንደገና ወንበሩን አሳየ። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ "ልጄ፣ እግዜር ይስጥልን። የመጣንበትን ጉዳይ እሺ ካላልከን ግን አንቀመጥም" አሉ። "ልጄ" የሚለውን "ዶክተር" ብዬ ተረጎምኩት።

"ጉዳዩ ምንድነው?" አለ።

"አስቀድመህ እሺ በለን።"

ይህን ስተረጉም ላቤ ጀርባዬን ወረደው። ዶክተሩ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። "ሳላውቀው እሺ ማለት አልችልም። አሁን ተመርጫለሁ፤ ሕግ አለ፣ ሥርዓት አለ። ሥራ ከሆነ የምትፈልጉት..." እያለ ብዙ ተናገረ። ሁሉንም ተረጎምኩ። ሐጂ አንገታቸውን ነቀነቁ። "ሽማግሌ ክፉ አይጠይቅም በይው" አሉኝ። አልኩት። መልሶ ወንበሩን አሳየ። ሚስትየው ብርቱካን ጭማቂ በብርጭቆ አምጥታ ዘረጋችልን። ማንም አልነካውም። ትሪውን ይዛ እሷም እንደኛ ቆመች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ፖሊስ ቢጠራ ለባለቤቴ ምን ብዬ እንደምነግረው አስብ ጀመር።

እንዲህ እንደተፋጠጥን የጋሽ ወልዴ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሊቆሙ ይሞክራሉ። ጋቢያቸው ግን ከታች በኩል ይርገበገባል። ያየችው ሚስትየው ናት። "ግሬግ፣ የሰውዬውን እግር እየው። ለእግዚአብሔር ብለህ ዬስ በላቸው" አለች።

ዶክተሩ አየ። "ኦኬ" አለ። "ኦኬ፣ ዬስ።"

ሦስቱም እኩል ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። ጭማቂው ተነሣ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፤ "ቤትህ ይሙላ፣ ልጅ ይውጣልህ፣ ጠላትህ ይውደቅ" ሲሉት ሦስተኛውን ዘለልኩት። ከዚያ ጉዳያቸውን ተናገሩ። "ሚስስ ሃሪየትን በሰው ፊት አሳዝነሃታል። እሷም አንተን። ነገ ጠዋት ቤቷ ሄደህ ታረቁ። ይኸው ነው።"

ዶክተር ግሬግ እኔን አየኝ። "ዛት ኢዝ ኦል? ይኸው ብቻ?" አለኝ። ሌላ ነገር፣ ከባድ ነገር ጠብቆ ነበር።

እኔም ጠብቄ ነበር። ሰውዬው እሺ ብሏል፤ የመቆሚያውን ነገር አሁን ብንጨምር ምን ይለን ነበር? በአማርኛ ፈጠን ብዬ፣ "ሐጂ፣ የአውቶቡሱን ይንገሩት እንጂ" አልኩ። ሐጂ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። "ዝም በይ። አንድ ሽምግልና አንድ ጉዳይ ነው" አሉ። ወደ ዶክተሩ ዞረው፣ "እርቅ በጠዋት ነው። አንድ ሰዓት ላይ ና" አሉት። በፈረንጁ ሰባት ሰዓት ማለት ነው ብዬ ነገርኩት።

ስንመለስ ተናደድኩ። መሪውን እንደያዝኩ፣ የናንተ ይሉኝታ ልጄን ያስገድልብኛል አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ሽማግሌ ተናግሬ አላውቅም። አቶ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሐጂ ግን አልተቆጡም። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን ነው፣ አስቱ" አሉኝ። "ደግሞስ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ እሷ ቤት በር ላይ ምን አለ?"

የልጆቹ መቆሚያ ትዝ አለኝ። ከዚያ ሳላስበው ሳቄ መጣ።

ከዚያው ሚስስ ሃሪየት ቤት ጎራ አልን፤ የሳቸው እሺታ ብዙም አላስቸገረም። መጀመሪያ "ኔቨር" አሉ። ሐጂ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። ጋሽ ወልዴም ወንበሩን ተደግፈው መነሣት ጀመሩ። ምክንያቱን ስነግራቸው ሚስስ ሃሪየት፣ "ኦ ሎርድ። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፤ ይምጣ" አሉ።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ ይወርዳል፤ ጨለማ ነው። እኔ ከልጆቹ ጋር ቆሜያለሁ። ዶክተር ግሬግ መኪናውን ከጎዳናው ማዶ ፓርክ አደረገና ሊሻገር ቆመ። አልቻለም። አንድ እግሩን ያወጣል፣ መኪና ይመጣል፣ ይመለሳል። አንዱ መኪና ሙሉ ልብሱን ውሃ አለበሰው። መጨረሻ ላይ ሮጦ ተሻገረና እያለከለከ እኛ መሃል ገባ። ጠርዙ ላይ እንደቆመ ሶስና ካፖርቱን ጎተተችው። በእንግሊዝኛ፣ "እዚያ አይቆምም። ከግድግዳው ተጠጋ። ሚስስ ሃሪየት አይፈቅዱም" አለችው።

ተጠጋ። ወዲያው አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እሱ ቆሞበት በነበረው ጠርዝ አጠገብ እየጮኸ አለፈ። ነፋሱ ሁላችንንም ወዘወዘን። ዶክተሩ እጁን ዘርግቶ ከአጠገቡ የነበረውን ልጅ በቦርሳው ያዘው። እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም።

የሚስስ ሃሪየት በር ተከፈተ። በቤት ጫማቸው፣ ጃንጥላውን ይዘው ወጡ። ከሱ ፊት ቆሙ። ተያዩ። በአዳራሹ ያን ሁሉ የተናገሩ ሰዎች አንድ ቃል አጡ። ከዚያ ሚስስ ሃሪየት ጃንጥላውን ዘረጉለት። "አንተ ትረዝማለህ" አሉት። ተቀበላቸው። ክንዱን ከፍ አድርጎ ለሳቸውና ከሥራቸው ለተሸጎጡት ልጆች ያዘላቸው። እሱ ራሱ ውጪ ነው፤ ዝናቡ በአንገቱ ይገባል።

ለእርቁ የመጡት ሐጂ የሚስስ ሃሪየት በረንዳ ላይ ሆነው ያዩ ነበር። "ታረቁ" አሉ።

"ምንም አልተባባሉም እኮ" አልኳቸው።

"ተባብለዋል" አሉኝ።

ልጆቹን ለሁለቱ ትቼ አውቶቡሱ ሳይመጣ ሮጥኩ። እኔ በሰዓቱ ሥራ ደረስኩ። መቆሚያው የተዛወረው ከፈረንጅ ገና እረፍት በኋላ ነው። ማን ምን እንዳደረገ በይፋ የነገረን የለም፤ አንድ ቀን አዲሱ ምልክት ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ተተክሎ አገኘነው። ሚስስ ሃሪየት እዚያም ሄደው መቆማቸውን አልተዉም። ዶክተር ግሬግ አንዳንድ ጠዋት ብቅ ይል ነበር። በቦርዱ ሥራው ግን በብዙ ነገር አልተስማማንም። በሚቀጥለው ምርጫም አልመረጥኩትም፤ ይህንንም ስጠየቅ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።

ሐጂ ሰይድ ያረፉት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለቅሶው ቤት ጠባብ ነበር፤ ሰው በሰው ላይ ነው። አንድ ፀጉሩ የነጣ ፈረንጅ ገባና ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል። ወጣቶቹ ወንበር አመጡለት፤ አልተቀመጠም። "ተቀመጥ" አሉት፤ ራሱን በትሕትና ነቀነቀ። ሌላ ወንበር አመጡ፤ አሁንም እምቢ። ሰዉ ይተያይ ጀመር። ማን እንደሆነ የለየሁት ያኔ ነው። ሰው ቤት ሲገባ ወዲያው እንደማይቀመጥ የተማረው ከኛው ሽማግሌዎች ነው፤ ወግ መስሎት ነው።

ልነሣ ስል ጥግ ላይ የነበሩት ሚስስ ሃሪየት ቀደሙኝ። በጣም አርጅተው ነበር፤ በሁለት ሰው ተደግፈው ነው የመጡት። ምርኩዛቸውን ከፍ አድርገው ጠሩት።

"ግሬግ" አሉት፤ "ቁጭ በል። ሐጂ እሺ ብለውሃል።"

ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ለሐጂ እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አለቀስኩ። ዛሬ ሶስና ራሷ የልጆች እናት ናት። የምርጫ ውጤት በተነገረ ማግስት ትደውልልኝና፣ "ማሚ፣ ማን አሸነፈ?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቃት የተሸነፈው ሰው ቤት የሄደ ሰው እንዳለ ነው።